«ፖድካስት ጠቁሚኝ» ላለ ሰው የወንጀል ታሪክ ይላካል? (ክርክር)

ባለ ማዳመጫዋ፦
ሰላም ጎበዝ። ትናንት የአክስቴ ልጅ «አንድ ጥሩ ፖድካስት ጠቁሚኝ፣ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም ሳላመነታ ሲሪያልን ላክሁለት። ለጠየቀኝ ሁሉ የምልከው እሱኑ ነው፣ ስንት ዓመቴ። እህቱ አጠገቡ ሆና አይታ ኖሮ ወዲያው ደወለችልኝ። «የሰው ልጅ ሬሳ ነው ለመዝናኛ የምትልኪለት?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ።

ለማያውቀው፦ ሲሪያል በ2014 የወጣ፣ ጋዜጠኛዋ ሳራ ኬኒግ በ12 ክፍል የተረከችው ፖድካስት፣ ማለትም ከኢንተርኔት የሚደመጥ የድምፅ ፕሮግራም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። በ1999 ባልቲሞር ውስጥ ሄ ሚን ሊ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተገደለች። የቀድሞ ፍቅረኛዋ አድናን ሰይድ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እውነት እሱ ነው? ወይስ አይደለም? ፖድካስቱ ይህን ጥያቄ ይዞ በየሳምንቱ ልብ እያንጠለጠለ ሄደ። ስንቱ ሰው ፖድካስት የሚባለውን ነገር የለመደው በሱ ነው። እኔም ጭምር።

እና ጥያቄዬ፦ የወንጀል ታሪክ «ስማው፣ ትወደዋለህ» ብሎ መላክ ነውር አለው?

ቸኩሎ፦
የለውም። ቀጣይ ጥያቄ።

የሌሊት ተረኛ፦
ቸኩሎ፣ አንተ ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ስለምትሰማ በእጥፍ ፍጥነት ትፈርዳለህ 😄

እኔ ግን የዚህ ዘርፍ ደንበኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ነርስ ነኝ፤ ሌሊት ነው የምሠራው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጭር ሲል አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደርጋለሁ። ሌላው ጆሮዬ ለበሽተኞች ደወል ነው። ለምን እነዚህን እንደምሰማ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሬሳ ናፍቆኝ አይደለም። «ባሏ መጀመሪያ ስልኳን መቆጣጠር ጀመረ» ሲባል አንድ ነገር ውስጤ ይነቃል። ይህን የማውቀው ሰው አለ እላለሁ። አንዲት ጓደኛዬን ከእንዲህ ያለ ቤት ቀድማ እንድትወጣ የገፋፋኋት እዚያ የሰማሁት ትዝ ብሎኝ ነው።

ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት አሜሪካ ውስጥ ፖድካስት ከሚሰሙ ሴቶች 44 በመቶው ይህን ዘርፍ ዘወትር ያደምጣሉ። ወንዶቹ 23 በመቶ ናቸው። ይህ ሁሉ ሴት ክፉ ሆኖ ነው?

ጋሽ ራዲዮ፦
ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ከራዲዮ ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝ። ነውሩን ለናንተ ልተወው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እንግዳ ወደ ትልቅ ግቢ ልግባ ሲላችሁ በስንት በር መሀል በሬሳ ቤቱ በኩል ነው የምታስገቡት?

ቢቢሲ ራዲዮ 4 ላይ ከ1998 ጀምሮ የሚቀርብ ኢን አወር ታይም የሚባል አለ። አንድ ጠያቂና ሦስት ምሁራን ይቀመጣሉ። አንድ ሳምንት ስለ ከዋክብት፣ ሌላ ሳምንት ስለ አንድ የጥንት ፈላስፋ ይነጋገራሉ። ለረጅም ዓመታት ጠያቂው ሜልቪን ብራግ ነበር። ምሁሩ ነገር ሲያንዛዛ እንዴት አድርጎ ወደ ነገሩ እንደሚመልሰው ብትሰሙ! ሮማን ማርስ በ2010 የጀመረው 99 ፐርሰንት ኢንቪዚብልም አለ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ማቋረጫው ላይ ለምን ዝቅ ተደርጎ እንደተሠራ ይነግራችኋል። ነገሩ ከዊልቸር ተጠቃሚዎች ትግል ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ መንገድ ስሻገር እግሬ ሥር አያለሁ። ማንም አልሞተበትም፤ ግን ቆሜ ነው ያዳመጥኩት።

ቸኩሎ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለጀማሪ ሦስት ፕሮፌሰር ልኬ አንድ ወዳጅ አጥቻለሁ። «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አመሰግናለሁ» ነው ያለኝ። ጀማሪ የሚፈልገው «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ ነገር ነው።

ጋሽ ራዲዮ፦
እንቅልፍም ጸጋ ነው ልጄ።

ሕግ ነክ፦
ሁለት ጉዳይ ላምጣ። ሁለቱንም ሰምቻቸዋለሁ፣ ከሥራዬም ጋር ስለሚገናኙ መዝገባቸውን ተከታትያለሁ።

የመጀመሪያው ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። በ1996 በአንድ የቤት ዕቃ መደብር አራት ሰዎች ተገደሉ። ከርቲስ ፍላወርስ የተባለ ጥቁር ሰው ተከሰሰ። በዚያው በአንድ ጉዳይ ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ። ስድስት ጊዜ! ስድስቱንም የከሰሰው ያው አንድ ዐቃቤ ሕግ ነው። ኢን ዘ ዳርክ የተባለው ፖድካስት በ2018 ሁለተኛ ምዕራፉን በዚህ ላይ አደረገ። ጋዜጠኞቹ እዚያው ሄደው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተቀመጡ። የድሮ መዝገብ እያገላበጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ገጽ ቀዱ። ከዚያ ቆጠሩ። የዚያ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጥቁር የጁሪ ዕጩዎችን (ጁሪ ማለት ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች ናቸው) ከነጮቹ በአራት ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጥ ያስወጣ እንደነበር አሳዩ። ዋናው ምስክር ደግሞ እስረኛ ነበር፤ ከእስር ቤት በስልክ «ውሸቴን ነው» ብሎ አመነላቸው።

በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን 7 ለ 2 ሻረው። ፖድካስቱ አሻረው አላልኩም፤ ይግባኙ የራሱ መንገድ ነበረው። በ2020 ክሱ ተነሣ። ሰውየው 23 ዓመት ታስሮ ነበር። ይህን «አትላክ» የሚለኝ ካለ ይንገረኝ።

ሁለተኛው አውስትራሊያ ነው። ሊኔት ዶውሰን የምትባል የሁለት ልጆች እናት በ1982 ሲድኒ ውስጥ ጠፋች። በ2018 ዘ ቲቸርስ ፔት የሚባል ፖድካስት ጉዳዩን ቀሰቀሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሏ ተያዘ። በ2022 ገድሏታል ተብሎ 24 ዓመት ተፈረደበት። ጥሩ ነው አይደል? ግን በመሀል የሆነውን ስሙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፖድካስቱ አውስትራሊያ ውስጥ እንዳይሰማ ከያለበት ወረደ። ክርክሩም ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ብቻ ታየ። በሚሊዮን የሰማው ታሪክ ነው፤ ያልሰማ ጁሪ ከየት ይመጣል? የተከሳሹ ጠበቃ እኔ ብሆን «ደንበኛዬ የተፈረደበት ገና በማዳመጫ ነው» ብዬ እጮህ ነበር። ጥፋተኛውን ለማስያዝ የተሠራ ሥራ ጥፋተኛውን ሊያስመልጥ ምን ቀረው?

የሌሊት ተረኛ፦
ሕግ ነክ፣ ያልከው ልክ ነው። ግን የሊኔት ወንድምና ዘመዶች ራሳቸው በዚያ ፖድካስት ተናግረዋል። ያን ሁሉ ዓመት ሰሚ አጥተው ነው የኖሩት። ለነሱ ጋዜጠኛው ነው በሩን ያንኳኳላቸው። እሱንም መዝገብህ ላይ ጻፈው።

ከመስኮት ዳር፦
እኔ እዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላዘወትርም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

የቅርብ ዘመዳችን ከብዙ ዓመት በፊት ተገድላለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ፕሮግራም ታሪኳን አቀረበው። ወደ ቤተሰቡ የደወለ ማንም የለም። እኛ ያወቅነው አንድ የሥራ ባልደረባ ለእናቷ ሊንኩን ልኮላት ነው። በደግነት መሆኑ ነው፣ «ልጅሽን አስታወሷት» ብሎ። እናቷ ብቻዬን አልከፍተውም ብላ ጠራችኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። እጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ አጎንብሳ አዳመጠች።

ተራኪው ድምፁ ያምራል። ከሥሩ ቀስ ያለ ፒያኖ አለ። «የዚያን ቀን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ነበር» አለ። እናቷ ስልኩን ገለበጠችው።

«ቀይ ቀሚስ ኖሯት አያውቅም» አለችኝ።

ስለ ገዳዩ ምንም አላለችም። ስለ ፍርዱም። ሳምንቱን ሙሉ ያወራችው ስለ ቀሚሱ ነው። ልጅቱ የለበሰችው ሹራብ ነበር። ግራጫ፣ እጅጌው የረዘመ፣ የወንድሟ። ሹራቡ ለታሪኩ አላማረም መሰለኝ።

ነውር አለው የለውም የሚለውን እናንተ ጨርሱት። እኔ ለማንም አልልክም።

ቸኩሎ፦
ወንድሜ፣ ነፍሷን ይማር። ከላይ «የለውም» ያልኩትን አንስቻለሁ።

ስትጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዕቃ እያጠብኩ የሆነ የወንጀል ፖድካስት እሰማለሁ። የሟች እናት እያለቀሰች ትናገራለች። እጄ አረፋ ውስጥ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ለቅሶዋ ሳያልቅ ያው አቅራቢ፣ በዚያው ድምፁ፣ ስለ ፍራሽ ማስታወቂያ ጀመረ። በዚህ ኮድ ገብታችሁ ግዙ፣ ቅናሽ አለው። ማስታወቂያውን እንዳልዘለው እጄ እርጥብ ነው። ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ ግን አላስታውሰውም።

ጋሽ ራዲዮ፦
እኛ ዘመን ዜና አንባቢ ማስታወቂያ አያነብም ነበር። እንዲሁ ኩራት አልነበረም። ሰው ድምፁን አምኖታል፤ ያንን እምነት ሌላው አይሸጥበትም ነው ነገሩ።

ድምፅ ከጽሑፍ ይልቅ ይታመናል። ጆሮህ ውስጥ ገብቶ የሚያወራህን ሰው መጠርጠር ይከብዳል። ካሊፌትን አስታውሱ። በ2018 የወጣ የኒው ዮርክ ታይምስ ሥራ ነበር፤ ሽልማትም አግኝቷል። አንድ ሰውዬ አሸባሪዎች ዘንድ ሄጄ ሰው ገደልኩ ብሎ ያወራበታል። በ2020 መጨረሻ ጋዜጣው ራሱ የሰውየውን ወሬ ማረጋገጥ አልቻልንም ብሎ አመነ። የፒቦዲ ሽልማቱንም መለሰ። ያን ትልቅ የዜና ክፍል ያሳሳተ ነገር ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ማይክሮፎን የሚቀዳውን ምን ያደርገዋል?

ሕግ ነክ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ታይምስ ስህተቱን ተናገረ። የቀይ ቀሚሱ ፕሮግራም አርሟል?

ከመስኮት ዳር፦
ጽፈንላቸው ነበር። መልስ የለም። ቀሚሱ እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

ባለ ማዳመጫዋ፦
ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አንብቤ ሳበቃ ሲሪያል ከተሰማ በኋላ የሆነውን እንደ አዲስ አሰብኩት።

የሄ ሚን ቤተሰብ በፖድካስቱ ውስጥ የለም፤ አልተናገሩም። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። በመስከረም 2022 አድናን ሊፈታ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ወንድሟ ያንግ ሊ ከሩቅ በቪዲዮ ገብቶ ተናገረ። ለኔ ይህ ፖድካስት አይደለም፣ የእውነት ሕይወት ነው አለ። ፍርዱ በዚያው ቀን ተሻረ። ያንግ ሊ በቂ ጊዜ ሰጥታችሁ አልነገራችሁኝም ብሎ ይግባኝ አለ። በ2023 የጥፋተኝነት ፍርዱ እንደገና ጸና። በ2024 የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለወንድምየው ፈረደ። በ2025 ደግሞ አድናን የታሰረው ይበቃዋል ተብሎ በነጻነቱ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ጥፋተኛነቱ ግን አልተሻረም። እንግዲህ እኔ ለስንት ሰው «እሱ ነው አይደለም? ገምት!» ብዬ የላክሁት ይህንን ነው።

አሁን የሚመስለኝ እንዲህ ነው። «ማን ገደለ?» ብሎ የሚያጫውተኝን አልልክም። «ለምን ሳይያዝ ቀረ? ለምን ያለ ጥፋቱ ታሰረ?» የሚለውን እልካለሁ። የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው፤ ሟቿ ቁራጭ ሆና ትገባበታለች። ሁለተኛው ሥራውን ያልሠራ ባለሥልጣን ላይ ያፈጣል።

ሕግ ነክ የጠቀሰው የኢን ዘ ዳርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንዲህ ያለ ነው። ጄከብ ዌተርሊንግ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ በ1989 ሚኒሶታ ውስጥ ብስክሌት እየነዳ ተወሰደ። ፖድካስቱ ሊጀምር ሲል፣ በዚያው በመስከረም 2016፣ ገዳዩ አመነ። እንቆቅልሹ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ሌላው ቢሆን ፕሮጀክቱን ይጥለው ነበር። እነሱ ግን ሰውየው መጀመሪያውኑ በፖሊስ ተጠይቆ የነበረ ሆኖ ሳለ 27 ዓመት እንዴት እንዳለፈ ክፍል በክፍል አወጡት።

የሌሊት ተረኛ፦
ይህን ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ነው። ግን እህቴ፣ ልዩነትሽ ሲያዩት እንደሚያምረው አይደለም። «ማን ገደለ» የሚለውም አንዳንዴ ለጠፋች ሴት ያስፈልጋል። ሊኔትን ያስፈለጋት እሱ ነበር።

ባለ ማዳመጫዋ፦
እሱስ ልክ ነሽ። የሊኔትን ቤተሰቦቿ ስለተናገሩበት እልከው ይሆናል። አላውቅም፣ ገና እያሰብኩ ነው።

ከመስኮት ዳር፦
ቤተሰቡ ካለበት እኔም ልሰማ እችላለሁ። መላኩን ግን አሁንም እንጃ።

ጋሽ ራዲዮ፦
ለመሆኑ ለልጁ ምን ላክሽለት?

ባለ ማዳመጫዋ፦
ሲሪያሉን አጥፍቼ የጄከብን ላክሁ። «ገዳዩ መጀመሪያ ላይ ይታወቃል፣ እንዳትገረም» ብዬ ጻፍኩለት። «ታዲያ ምኑን ልሰማው?» አለኝ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ደውልልኝ አልኩት። እስካሁን አልደወለም። የእርስዎን የመንገዱን ጠርዝም አብሬ ልኬለታለሁ ጋሼ።

ቸኩሎ፦
በስንት ፍጥነት እንዲሰማው ነገርሽው?

ጋሽ ራዲዮ፦
በልኩ!