ያስተካከልኩት ሴቲንግ ተመልሶ ይበላሻል፤ እናንተ እንዴት ትከታተላላችሁ?

ገመድ ፈቺ፦
ሰላም ጓዶች። 80 ገደማ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ኮምፒውተሮች እኔ ላይ ናቸው። የሲአይኤስ ቤንችማርክን (የኮምፒውተር ደህንነት ሴቲንግ መመሪያ ነው) አውርጄ ሳየው ከሺህ ገጽ በላይ ሆነብኝ። ከየት ልጀምር? ደግሞ ያስተካከልኩት ማሽን ላይ ከወር በኋላ ፋየርዎሉ ጠፍቶ፣ ኤስኤምቢ 1 (የድሮው ፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል) ተከፍቶ አገኛለሁ። ማን ነካው ስል ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ነው።

ሰርቨር ክፍል፦
ሙሉውን ለመተግበር እንዳትሞክር። ቤንችማርኩ ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 አለው። በደረጃ 1 ጀምር፤ ደረጃ 2 ጠበቅ ያለ ስለሆነ ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል። የማይክሮሶፍት ቤዝላይንም (ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው የደህንነት ሴቲንግ ስብስብ) በነጻ ይገኛል። አብሮት ያለው ፖሊሲ አናላይዘር የሚባል መሣሪያ ያንተን ሴቲንግ ከሱ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳይሃል።

ከሁሉ በፊት ግን የአድሚን መብት (ማሽኑን እንደፈለጉ የመቀየር ፈቃድ) ገድብ። ሰው ሁሉ በየማሽኑ አድሚን ከሆነ ልፋትህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ኤስኤምቢ 1 ፕሮ ላይ በራሱ አይመጣም፤ ሰው ነው የከፈተው። የቆየ ስካነር አላችሁ አይደል? አንዳንዱ ወደ ሼርድ ፎልደር የሚልከው በሱ ብቻ ነው። ስካን እምቢ ሲል አንዱ ይከፍተዋል፣ የሚዘጋው የለም። በ2017 ዋናክራይ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ) የተዛመተው በዚሁ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነበር።

ገመድ ፈቺ፦
ሂሳብ ክፍል አንድ አለ! ግን ግሩፕ ፖሊሲ (ሴቲንግን ከአንድ ቦታ ለሁሉም ማሽን የሚያዘው) በየ90 ደቂቃው ራሱ አይመልሰውም እንዴ?

ሰርቨር ክፍል፦
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በየ90 ደቂቃው፣ ሲዘገይ በ2 ሰዓት፣ ፖሊሲው ተቀይሮ እንደሆነ ያያል። ካልተቀየረ አብዛኛውን ክፍል እንደገና አይጭንም። የሴኪዩሪቲ ሴቲንግ የሚባለው ክፍል ብቻ በየ16 ሰዓቱ ይደገማል። ስለዚህ አንድ አድሚን ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጉን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ገብቶ የነካው እንደተነካ ሊቀር ይችላል። ፖሊሲው ባይቀየርም እንዲጭን የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብራው።

ሌሊት ተረኛ፦
እኔ በኦኤስኩዌሪ ነው የምከታተለው። ነጻ መሣሪያ ነው፤ የማሽኑን ሁኔታ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ትጠይቀዋለህ። በየቀኑ የማየው ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ)፣ ፋየርዎልና አድሚን ግሩፕ ውስጥ እነማን እንዳሉ ነው። ሁሉንም ልይ ካልክ ሪፖርቱን ማንም አያነበውም።

ሰርቨር ክፍል፦
ልክ ነው። ስካነሩ እስኪቀየር ኤስኤምቢ 1 የግድ ከሆነ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ይሁን፣ ማሽኑም ከሌላው ኔትወርክ ተለይቶ ይቀመጥ። ማን እንደፈቀደና መቼ እንደሚዘጋ ጽፈህ ያዝ። ቀን ያልተቆረጠለት ፈቃድ ጡረታ እስክትወጣ አይዘጋም።