አንዲት ክፍል ቤቴን ለገና እንዴት ላሳምራት?

አዲስ ተከራይ፣ ደብረ ብርሃን (ታኅሣሥ 12)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጃችን። ቤቷ ሦስት በአራት ሜትር ናት። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ላዩን ቀለም ተቀብቷል፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፣ ወለሉ ሊሾ። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሶኬት። አልጋችንን በመጋረጃ ከልለነዋል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ቦታ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሦስት ዱካና ረከቦቱን ይዞ ያበቃል።

ዘንድሮ አማቴ ከመንዝ፣ ከሞላሌ መጥተው ገናን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ነው። ቤታችንን አይተዋት አያውቁም። ልጄ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት የገና ዛፍ አይቶ መጥቶ «የእኛስ የታለ?» ማለቱን አልተወም። አምና የፕላስቲክ ዛፍ ገዝቼ መሐል ቤት አቁሜ ነበር፤ ሰው ገባ ወጣ ባለ ቁጥር በትከሻው እየነካው ሦስቴ ወደቀ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀት ሲነሣ ቀለሙን ገሽልጦት ወረደ፣ ከአከራያችን ጋርም ተቀያየምን።

እንግዲህ ሚስማር ሳልመታ ምን መስቀል እችላለሁ? እውነተኛ ጥድ ይሻላል ወይስ ይቅር? መብራቱንስ ካንዲቷ ሶኬት ብስበው ችግር አለው? ከሁሉ በላይ ግን ቤቷ ሞቅ እንድትል ነው የምፈልገው፤ የሰሞኑን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያለኝ 1500 ብር ነው።

አናጢ ነኝ (ታኅሣሥ 12)

እኅቴ፣ ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይይዝም የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ጭቃው አይይዝም፣ ውስጡ ያለው እንጨት ይይዛል። ግን ምርጉ አንዴ ከተሰነጠቀ እየረገፈ ስለሚሄድ በኪራይ ቤት አልመክርሽም። ፕላስተርም ተዪ፤ ጭቃ ላይ የተቀባ ቀለም ሥር የለውም።

ያለ ጥርጥር እንጨት የምታገኚው በሩና መስኮቱ መቃን ላይ ነው። ከበሩ መቃን ጫፍ እስከ መስኮቱ መቃን ጫፍ አንድ ጠንካራ ሲባጎ ወጥሪ። መቃኑ ላይ የመጋረጃ ሚስማር ካለ እሱኑ ተጠቀሚ፣ ከሌለም ትንንሽ ሚስማር መቃን አይጎዳም። ከዚያ በኋላ የምትሰቅዪው ነገር ሁሉ ከሲባጎው ላይ ይንጠለጠላል፤ ግድግዳውን ማንም አይነካውም።

ስለ ዛፉ፣ በሦስት በአራት ቤት የሚቆም ዛፍ አይታሰብም። የሚንጠለጠል ሥሪ። አምስት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ምረጪና 80፣ 65፣ 50፣ 35 እና 20 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪያቸው። ረጅሙን ከታች፣ አጭሩን ከላይ አድርገሽ፣ በየመሐላቸው አንድ ስንዝር እየተውሽ፣ ግራና ቀኝ ጫፋቸውን በገመድ አያይዢ። ሁለቱን ገመድ አናቱ ላይ አንድ ላይ ቋጥረሽ ስቀዪው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ከወለሉ አንዲት ጣት ቦታ አይወስድም። ልጁ ራሱ ጭራሮውን ይልቀም፤ የራሱ ዛፍ ነው የሚሆንለት።

አረንጓዴ ካማረሽ፣ የፈረንጅ ጥድ አጥር ያለው ሰው ሲከረክም ቅርንጫፍ ጠይቀሽ ጭራሮው ላይ እሰሪ። የሐበሻውን ጥድ ግን እንዳታስቆርጪ። ለማደግ ስንት ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ሲወድቅ ማየት አልወድም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቀረው እንኳ በስንት ጥበቃ ነው።

ሻኚው (ታኅሣሥ 13)

ለምን የገና ዛፍ አስፈለገ? የእኛ አይደለም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው። ገና ማለት ቄጤማ፣ ቡናና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁን ከአሁኑ እንዲህ ማስለመድ ጥሩ አይመስለኝም።

እትዬ ከአንኮበር (ታኅሣሥ 13)

ልጄ ሻኚው፣ ሐሳብህን እረዳዋለሁ፤ ግን ሕፃን ልጅ አረንጓዴ ቅርንጫፍ በማየቱ ሃይማኖቱ አይጎድልበትም። ቅዳሴው፣ ጾሙ፣ ዘመድ መጠየቁ ካልቀረ ቅርንጫፏ ምን ታደርጋለች?

አንቺ ልጄ ደግሞ ስሚኝ። እኛ ልጆች ሳለን ገና ሲደርስ እናቴ መጀመሪያ የምታደርገው ቤቱን ባዶ ማድረግ ነበር። ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ይጠረጋል። ከዚያ የሚመለሰው ያስፈለገው ብቻ ነው። ያ ራሱ ቤቱን ያሳምረው ነበር። አንቺም ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ዕቃሽን አውጪ፤ ጆንያውን፣ ባልዲውን፣ የማትለብሱትን ልብስ አልጋ ሥር ክተቺ ወይም ጎረቤት አስቀምጪ። ትንሽ ቤት የሚያስጠላት ጌጥ ማጣቷ አይደለም፣ ዕቃ መብዛቱ ነው።

ከዚያ አንድ ጥግ ብቻ ምረጪ። አራቱንም ግድግዳ ላስጊጥ ካልሽ ቤቷ ትጠብብሻለች። እኔ ብሆን ከበሩ ትይዩ ያለውን ነው የምመርጠው፤ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሦስት ሰፌድ፣ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ፣ ከሲባጎው ላይ አስጠግተሽ ስቀዪ። ከሌለሽ አትግዢ፤ ሥራው ብዙ ነውና በዓል ሲደርስ ይወደዳል። ከጎረቤት ተዋሺ፣ ወይም አማትሽ ሲመጡ ይዘው እንዲመጡ ንገሪያቸው። የመንዝ ሴት እጇ የሠራው ስንደዶና አክርማ በልጇ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታይ ምን እንደሚሰማት እኔ ነኝ የማውቀው።

የገና ዱላም አትርሺ! ጫፉ ቆልመም ያለውን እንጨት ልጁ ከአባቱ ጋር ፈልጎ ያምጣ፣ ልጦ ቅቤ ያስነካውና ከሰፌዱ ሥር ይሰቀል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውንም አያቱ ይንገሩት። እሱን የመሰለ የገና ጌጥ አላውቅም።

ሥዕለ አድኅኖው ካለበት በስተ ምሥራቅ ግን ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አትስቀዪ። እዚያ ንጹሕ መጋረጃዋ ትበቃለች።

የመንዝ ልጅ (ታኅሣሥ 13)

እትዬ እውነትዎን ነው። እኔ የማክለው ስለ ሙቀቱ ነው። እኅቴ፣ ሊሾ ወለል ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ብቻ ካለሽ ብርዱ ከሥር ነው የሚገባው። የመንዝ ባና ፈልጊ። አዲስ መግዛት በ1500 ብር አይሞከር ይሆናል፣ ግን ከሞላሌ የሚመጣ ሰው ቤት ባና አይጠፋም። አንዱን ዱካው ላይ፣ አንዱን አማትሽ የሚቀመጡበት ሥር አንጥፊ። ጥቁርና ቡናማው የበግ ጠጉር ከሰፌዱ ቀለም ጋር ሲሄድ ሌላ ቀለም መጨመር አያስፈልግም። የበሩን ሥር ደግሞ በተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ ግጠሚው፤ ደጅ ያለው ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው።

ለዛፉ ጌጥ የፕላስቲክ ኳስ አትግዢ። የበግ ጠጉር ካገኘሽ ከልጅሽ ጋር ሥሪው። ጠጉሩን አጥበሽ፣ አበጥረሽ፣ የዕንቁላል ያህል ድብልብል አድርጊው። ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ ሳሙና አስነኪና በሁለት መዳፍሽ መሐል አንከባዪው፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ እየጠበቀ ሲሄድ ጫን አድርገሽ። መጀመሪያ ላይ የሚበታተን ይመስላል፤ ተስፋ አትቁረጪ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ሩር ጥብቅ ይላል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አድርቂውና በመርፌ ክር አሳልፊበት። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ እያደረግሽ አሥራ ሁለት ያህል ይበቃሻል። ቢወድቅ አይሰበር፣ ቢረገጥ አይጎዳ።

ኤሌክትሪሻን (ታኅሣሥ 14)

ስለ ሶኬቷ ልንገርሽ። የኤልኢዲ መብራት ጥቂት ዋት ነው የሚስበው፣ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ እዚያው ማከፋፈያ ላይ የሚሰካው ሌላው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ላዩ ላይ 10 አምፔር የተጻፈበት ማከፋፈያ ያንን ሊሸከም አይችልም፣ ይቀልጣል። እንጀራሽን ቀን ጋግረሽ ጨርሺ፣ ምጣዱን ንቀይ፣ ከዚያ መብራቱን ሰኪ።

ስትገዢ ሱቁ ውስጥ አስበርተሽ ትንሽ ቆይና አምፖሎቹን በጣትሽ ንኪ። የሚያቃጥል ከሆነ የድሮው ዓይነት ነውና ተዪው። ቀለሙን ቢጫማ ምረጪ፤ ሰማያዊው በብርድ አገር ቤት ይበልጥ ያበርዳል። ብልጭ ድርግም የሚለውንም ገመዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ እየተጫንሽ እንዲረጋ አድርጊው፤ በትንሽ ቤት ዓይን ያደክማል። መብራቱ ላይ እንደ በረዶ ብለው ጥጥ የሚጠመጥሙ አሉ፣ እባክሽ አታድርጊው። ኮርኒስሽም ማዳበሪያ ስለሆነ ገመዱ እሱን አይንካ። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ደግሞ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ከሶኬቱ ንቀዪው። በበዓል ዋዜማ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቤት ውስጥ ሰው የሌለበት ሰዓት ነው አደጋው።

ጠባሴ (ታኅሣሥ 14)

መብራት ቢጠፋስ? እኔ የማደርገው ይህን ነው። ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቄ እሞላና በሚስማር እበሳዋለሁ፤ አሸዋው ካለ ጣሳው አይጨማደድም። ኮከብ፣ መስቀል፣ የፈለጉትን ቅርጽ ነጥብ በነጥብ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ አሸዋውን ደፍቼ አንድ ጣት ያህል አስቀርለታለሁ፣ አጭር ሻማ እተክልበታለሁ። ብርሃኑ በቀዳዳው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ልጆች በእጃቸው ሊይዙት ይሞክራሉ። ጣሳው ስለሚግል ሸክላ ሳህን ላይ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

የጤና ባለሙያ (ታኅሣሥ 14)

ቤቷ እንድትሞቅ ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል እንዳይገባ። የበሩ ሥር ጨርቅ ስለተባለ ነው ይህን የምጽፈው። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ይጀምርና ሰው እንቅልፍ መስሎት ይቀራል። ቡና ስታፈዪ ጨርቁን አንሺ፣ መስኮቱን ከፈት አድርጊ፣ ቡናው ሲያልቅ ከሰሉን ወዲያው ደጅ አውጪ። ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ማንም አይተኛ፤ በተለይ ልጁና አማትሽ።

አዲስ ተከራይ (ታኅሣሥ 27)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እትዬ እንዳሉት ዕቃውን ሁሉ አወጣሁት። ከአልጋ ሥር ሁለት ጆንያ ሙሉ የማንጠቀምበት ነገር ወጣ፤ ቤቷ ባዶዋን ስትታይ እኔም ባለቤቴም ዝም ብለን ቆመን አየናት፣ ሰፊ ነበረች ለካ። ሲባጎው ተወጥሯል። ዛፉን ባለቤቴና ልጄ ሠሩት፤ አንዱ ጭራሮ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ልጄ እሱን አልቀይርም ብሎ እንዳለ ተሰቅሏል። ኳሶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብዙ ውኃ አድርጌባቸው ተበትነውብኝ ነበር። የጥዱን ቅርንጫፍ ጎረቤታችን ሰጡን፤ ማታ ቤቱ ሲዘጋ ሽታው ያውዳል። ቢጫማ መብራት ገዛሁ፣ ከ1500 ብሩ 600 ተርፎኛል። እሱን ለቡናና ለቄጤማ ይዤዋለሁ።

ለአማቴም ደውዬ ሰፌድና ባና ይዘውልኝ እንዲመጡ ስጠይቅ ፈራ ተባ እያልኩ ነበር። «ስንቱን ላምጣልሽ?» ነው ያሉኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ቄጤማውን መቼ ልጎዝጉዘው? ወለሉ ሊሾ ነው፣ ባናም ይነጠፋል።

እትዬ ከአንኮበር (ታኅሣሥ 27)

ጎሽ የኔ ልጅ። ቄጤማውን ነገ ከሰዓት ግዢ፣ ዛሬ ከገዛሽው ይጠወልጋል። ውኃውን ደጅ ላይ ደኅና አድርገሽ አራግፊው፤ እርጥብ ቄጤማ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል፣ አማትሽም ልጁም አሉ። ቤቱን ሙሉ አትጎዝጉዢ፤ ረከቦቱ ሥርና ደፉ ላይ ብቻ ይበቃል፣ ባናው ያለበትን ተዪው። ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችሁ በፊት ጎዝጉዘሽ ውጪ። ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሱ በሩን ስትከፍቺ ሽታው ይቀበላችኋል። በማግስቱ ጥረጊው፣ ካደረ ይሻግታል።

አዲስ ተከራይ (ታኅሣሥ 27)

እሺ እትዬ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። አማቴ ነገ በጠዋቱ መኪና ነው የሚነሡት። ልጄ የገና ዱላውን አልሰቅልም፣ መናኸሪያ ይዤ ሄጄ ነው የምቀበላት ብሏል።