ፖሊስ ሲጠይቅ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል? (የሳሊናስ ውሳኔ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሳሊናስና በቴክሳስ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ እያነበብኩ ነው። ተጠርጣሪው ዝም ማለቱ ራሱ ማስረጃ ሆኖበታል። ታዲያ «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚባለው ምኑ ላይ ነው?

ችሎት፦
የሚራንዳ ማስጠንቀቂያ (ፖሊስ «ዝም የማለትና የጠበቃ መብት አለህ» ብሎ የሚናገረው) ግዴታ የሚሆነው ሰውየው በቁጥጥር ስር ሆኖ ሲመረመር ነው። በግድያ የተጠረጠረው ሳሊናስ ሂውስተን ፖሊስ ጣቢያ የሄደው በፈቃዱ ነበር፤ ማስጠንቀቂያም አልተነገረውም። አንድ ሰዓት ያህል ሲመልስ ቆይቶ፣ ግድያው ቦታ የተገኙት ቀለሃዎች ከእሱ ጠመንጃ ጋር ይገጥሙ እንደሆነ ሲጠየቅ አቀረቀረ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ዐቃቤ ሕግ ይህንኑ ለጁሪው (ጥፋተኝነትን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) አቀረበ። ፍርዱ 5 ለ 4 ጸና። ከአምስቱ ሦስቱ ዳኞች «መብቱን በቃሉ አልጠየቀም» አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ቢጠይቅም ለውጥ አያመጣም ባይ ናቸው። ስለዚህ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

አስተርጓሚ፦
እዚህ ላይ የእኛ ሰው በጣም ይጎዳል። ባለሥልጣን ፊት ማቀርቀር ለእኛ አክብሮት ነው፤ ጁሪ ግን እንደ ጥፋተኝነት ሊያየው ይችላል። «እሺ» ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ መዝገብ ላይ ግን «ተስማምቷል» ሆኖ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተወሰነው ጉዳይ ቶምፕኪንስ የተባለ ተጠርጣሪ በምርመራ ለ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ «አዎ» ያላት ቃል ተይዛበታለች።

ጠበቃ ሲጠየቅም ይሉኝታ አያዋጣም። «ጠበቃ ባናግር ሳይሻል አይቀርም» የሚመስል አነጋገር በዴቪስ ጉዳይ (እ.ኤ.አ. 1994) እንደ ጥያቄ አልተቆጠረም። «አይ ዋንት ኤ ሎየር» (ጠበቃ እፈልጋለሁ) የምትለዋን በቃል መያዝ ነው። በቁጥጥር ስር ያለ ሰው እንዲህ ካለ፣ በኤድዋርድስ ውሳኔ (እ.ኤ.አ. 1981) መሠረት ጠበቃው እስኪገኝ ምርመራው ይቆማል። ራሱ መልሶ ወሬ ከጀመረ ግን ጥበቃው ይቀራል። እንግሊዝኛው ለገበያና ለሥራ ቢበቃም አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ጠያቂ፦
አገር ቤትስ?

ችሎት፦
ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(2) ያለመናገር መብት የሚሰጠው «ለተያዙ» ሰዎች ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ግን ሰፋ ይላል፤ በመጥሪያ የቀረበ ሰውም መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ቃሉም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። በሳሊናስ የታየው ክፍተት በጽሑፍ ደረጃ እዚህ ጠባብ ነው። የእምነት ቃል በአንቀጽ 35 ፍርድ ቤት ሲመዘገብ፣ ዳኛው በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቆ ያረጋግጣል። ተገድዶ የተናገረ ሰው ይህን ማንሳት ያለበት እዚያው፣ ከመፈረሙ በፊት ነው።