ማታ መኪና የሚገባበት ጋራዥ ውስጥ የሚገፋ የሥራ ጠረጴዛ፣ ደሴ

የሆጤው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ደሴ ሆጤ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጣሪያ የለበሰ የመኪና ማቆሚያ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ተኩል። ቀን መኪናው ስለሚወጣ ነፃ ነው፤ ማታ ይገባል። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነብላል። በሊቬላ ሲለካ በ1 ሜትር 3 ሳንቲም ይወርዳል። ከበሩ ስትገቡ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ በስተግራ የድሮው የጭቃ ቤት ግድግዳ።

የሚያስፈልገኝ ለመላግ፣ ለመቁረጥና ለትንሽ ብየዳ የሚሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን ወደ ግድግዳ የሚያስጠጋው ጠረጴዛ ነው። ድሪል፣ ግራይንደር፣ ሰርኩላር መጋዝ፣ ባለ 5 ኢንች ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ)፣ የእጅ መሣሪያና የተለያየ ምስማርና ብሎን አለ። አራት ባለ ፍሬን ጎማ ላደርግለት አስቤ ነበር። ብረት ይሻላል ወይስ እንጨት? ልኬቱን የምታውቁ ጀባ በሉኝ።

ብየዳ ኮምቦልቻ፦

አብሽር፣ ቦታው ይበቃል። እግሩ ብረት፣ ፊቱ እንጨት ይሁን። ገበያ ላይ የምታገኘው የባህር ዛፍ ሞራሌ አብዛኛው እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አራት ጎማውን ተወው። ፍሬኑ ጎማው እንዳይሽከረከር ይይዛል እንጂ ማዞሪያው ላይ ያለውን ውዝዋዜ አያስቀርም። መላጊያ በገፋህ ቁጥር ጠረጴዛው አብሮህ ይሄዳል። ዕቃው ሲሞላ 80 ኪሎ የሚሆን ነገር በተዳፋት ላይ በትንንሽ ፍሬን ማቆም ደግሞ ከታች በሩን ምታልኝ ማለት ነው። እንደ ጋሪ አድርገው፦ ሲሠራበት በአራት እግሩ መሬት ይቆማል፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ሁለት ጎማ አለው፣ ሌላውን ጫፍ አንስተህ ትገፋዋለህ።

ብረቱ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፣ ባለ 6 ሜትሩ ሁለት ቤርጋ። አቆራረጡ ይሄ ነው፦

አንደኛው ቤርጋ፦ 110 ሳንቲም ሁለት፣ 102 ሁለት፣ 77 ሁለት።
ሁለተኛው ቤርጋ፦ 47 አምስት፣ 77 ሁለት። ወደ 2 ሜትር ይተርፍሃል፤ ለእጀታና ለጎማ ማሰሪያ ይሆናል።

110ዎቹና ሁለት 47 የላዩ ክፈፍ ናቸው (110 በ55 ይወጣል)፣ አንድ 47 መሃሉ ላይ ይገባል። 77ቱ እግር ነው። 102ቶቹና የቀሩት 47ቶች ከእግሩ ጫፍ 12 ሳንቲም ከፍ ብለው እግሮቹን ያያይዛሉ። ሁሉም አንድ ላይ ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል።

ስትበይድ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 75 አምፒር። ከዚያ ካለፍክ 1.5 ሚሊው ይበሳል። መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዘውና የላዩን ክፈፍ ከጥግ ወደ ጥግ ለካ፤ ሁለቱም 123 ሳንቲም መምጣት አለባቸው። አንዱ 123.5 ሌላው 122.5 ከሆነ ረጅሙን ጥግ በመዶሻ መታ መታ አድርገህ አስተካክል፤ ሙሉ ከተበየደ በኋላ አይሆንልህም። ከዚያ ተቃራኒ ጥጎችን እያፈራረቅህ ጨርስ። አንዱን ጥግ ጨርሰህ ወደ ጎረቤቱ ከሄድክ ሙቀቱ ክፈፉን ይስበዋል።

ለተዳፋቱ፦ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ 5 ሚሊ ላሜራ 4 በ4 ቆርጠህ በ13 ሚሊ ብሳው፣ ከውስጥ በኩል የ12 ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) በይድበት፣ ከዚያ እግሩን ዝጋበት። 10 ሳንቲም የሚረዝም ባለ 12 ብሎን ከታች ታስገባለህ፣ ጭንቅላቱ መሬት ይይዛል። ሌላ ዳዶ ከውጭ ታደርግና በ19 ቁልፍ ትቆልፈዋለህ። ይሄ ሁለተኛው ዳዶ ከሌለ ብሎኑ በንዝረት ራሱን ይፈታል። ዳዶውን ስትበይድ ብሎኑ ገብቶ ይሁን፣ ግን ጥርሱን ዘይት ቀባው፤ አለበለዚያ ፍንጣሪው ይጣበቅበታል።

እንጨት ቤት፦

ጋሼ ስለ ብረቱ ጨርሶታል። ስለ ፊቱ ልጨምር።

18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አንድ ይበቃል። ሙሉው 122 በ244 ነው። መሃል ለመሃል ሲቆረጥ ካንዱ ግማሽ 120 በ60 ሁለት ይወጣል፤ ሁለቱ ተደርበው 36 ሚሊ የሆነ ፊት ይሰጣሉ። ከሌላው ግማሽ የታችኛው መደርደሪያ (110 በ55፣ አራቱ ጥግ ለእግሩ 4 በ4 ይቆረጣል) ይወጣና ለመሳቢያ የሚሆን ይተርፋል። ቺፕውድ አይሁን። ክረምት ላይ መኪናው ዝናብ ተሸክሞ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲተን ጠርዙ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ እስክሩም ከጎኑ አይይዝም።

አንድ ጥንቃቄ። ለፎርምወርክ (ኮንክሪት ለሚሞላበት ቅርጽ) የሚሸጠውን ጥቁር ፊት ያለው ኮምፔንሳቶ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ውሃ ይችላል። ግን ቪናቪል ኮላ በጥቁሩ ፊት ላይ አይጣበቅም። ደርቆ ጠንካራ ይመስልሃል፣ በጥፍርህ ጫፍ ብትቀርፈው እንደ ፕላስቲክ ተላጦ ይነሳል። ሁለቱን የሚገናኙ ፊቶች እንጨቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት አውልቀው፣ ወይም ኮላውን ትተህ በእስክሩ ብቻ ያዘው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የቀረበትን ሲሚንቶ ሳትፍቅ መጋዝ አታስነካው፤ ጥርሱን ይበላዋል።

ሁለቱን ለማያያዝ 3 ሳንቲም እስክሩ ከታች በኩል፣ በየ15 ሳንቲሙ። ከዚያ በላይ ከረዘመ ጫፉ ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ፊቱን ከብረቱ ጋር ለማያያዝ 6.5 ሳንቲም፤ 4ቱን ቱቦላሬው ይበላዋል፣ 2.5ቱ እንጨት ውስጥ ይገባል። ቱቦላሬውን በመጀመሪያ ሁለቱንም ግድግዳ በፑንታ ብሳ። በየጫፉ 5፣ በየጎኑ 2.5 ሳንቲም ፊቱ ከብረቱ ያልፋል። እሱን አትቁረጠው፣ ክላምፕ የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው።

ሞርሳው በእግሩ አናት ላይ ይሁን። ሁለት እግር መካከል ካሰርከው መዶሻ ባረፈ ቁጥር ፊቱ እንደ ከበሮ ይዘላል። በእስክሩ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች በሚያልፍ ብሎን እሰረው፤ ከታች ሰፊ ሮንዴላ።

መሳቢያዎቹ በረጅሙ ጎን ይከፈቱ። በአጭሩ ጎን ካደረግህ ጠረጴዛውን ስታነሳ ተንሸራተው እግርህ ላይ ይመጣሉ። ሐዲድ መግዛት የግድ አይደለም፤ የደረቀ ጣውላ ላይ ሻማ ብታሽበት ይሄዳል። ግን በየጎኑ 3 ሚሊ ተው። በጋ ላይ በ1 ሚሊ ልክክ አድርገህ የሠራኸው መሳቢያ ሐምሌ ላይ ያብጥና በእግር ካልተደገፍክ አይከፈትም።

የሆጤው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጎማው በየትኛው ጫፍ ይሁን? ከመሬት ስንት ከፍ ይበል? ግድግዳውስ ዕቃ ይሸከማል?

ብየዳ ኮምቦልቻ፦

ጎማው ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ከፍታው በኩል። ጠረጴዛው በስተቀኝ ግድግዳ ርዝመቱን ይዞ ይቆማል። 110 ሳንቲም ላይ ወለሉ 3.3 ሳንቲም ይወርዳል፤ ስለዚህ የከፍታው ብሎኖች 1 ሳንቲም ብቻ ይወጣሉ፣ የበሩ በኩል 4.3። ፊቱ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ከወለሉ ያለው ከፍታም ከብሎኑ ጭንቅላት ጋር በጎማው በኩል ወደ 87፣ በበሩ በኩል ወደ 90 ሳንቲም ይሆናል። ቁመትህ የተለየ ከሆነ ቀጥ ብለህ ቆመህ ከወለል እስከ እጅህ አንጓ ለካና እግሩን በዚያ አስተካክል።

ጎማው 15 ሳንቲም፣ ድፍን፣ የማይዞር ይሁን። ትንሹ የፕላስቲክ ጎማ አንዲት ጠጠር ያቆመዋል። መሃሉ ከእግሩ መሃል 10 ሳንቲም ወደ ውጭ፣ ታቹ ከመሬት 5 ሚሊ ከፍ ያለ። ያን ጊዜ ሌላውን ጫፍ 5 ወይም 6 ሳንቲም እንዳነሳህ ጎማው መሬት ይይዛል። አሁን ጎማውን በተሳሳተው ጫፍ፣ በበሩ በኩል አደረግኸው እንበል። ብሎኑ ወጥቶ እግሩን ስለሚያስረዝመው ጎማው ወደ 4 ሳንቲም ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መሬት እስኪነካ 44 ሳንቲም ማንሳት ሊኖርብህ ነው። ያኔ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

ሞርሳውንና ከባዱን መሳቢያ በጎማው በኩል አድርግ፤ የምታነሳው ጫፍ ይቀልልሃል። በእንጨቱ ፊት ላይ ስትበይድ 2 ሚሊ ላሜራ አንጥፍ፣ ከሥሩ ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ አድርገህ ከእንጨቱ ለየው። በቀጥታ ካነጠፍከው ሙቀቱ ያልፍና ታቹ ይከስላል፣ ጭሱ ከሥራህ በኋላ ነው የሚታየው።

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦

ግድግዳው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉ ድንገት ፈንቅሎ ከገባ ፊሸሩ (እስክሩ የሚገባበት ፕላስቲክ) አየር ላይ ነው ያለው፤ ዛሬ የያዘ መስሎ ዕቃ ሲሰቀልበት ይወጣል። ኮለን ወይም ቢም ካለ እሱ ላይ ሁለት ጣውላ በቁም እሰርና ሌላው በእነሱ ላይ ይንጠልጠል። ከሌለ የብሎኬቱን ድፍን ክፍል እያንኳኳህ ፈልግ። የጭቃውን ግድግዳ ለከባድ ነገር አታስበው። ማገር አይሸከምም፤ ቋሚውን አግኝተህ 10 ሳንቲም እስክሩ ብትጨምርበት እንኳ ከስኳድራና ከመጋዝ በላይ አትስቀል።

ግድግዳው ላይ የምትሰቅላቸውን የዕቃ ሳጥኖች የሚነቀሉ አድርጋቸው። 10 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ በ45 ዲግሪ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ግድግዳው ላይ ሹሉ ጠርዝ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሆኖ ይታሰራል፣ ሌላው በሳጥኑ ጀርባ ተገልብጦ ይታሰራል። ሳጥኑ ይሰቀላል፣ ሲያስፈልግ ወደ ላይ ተነስቶ ይወርዳል። ጥልቀቱ ከ20 ሳንቲም አይብለጥ። መኪናው በፊቱ ከገባ የሹፌሩ በር በስተግራ ስለሆነ ችግር የለም፤ የጎን መስታወቱን ግን ለካ።

ለምስማርና ለብሎን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃሃል። ክዳኑን ዝጋ፣ በጎኑ አስተኛው፣ ወደ ላይ የሆነውን ሰፊ ጎን በቢላ ቁረጠው፣ እጀታውን ግን አትንካ። በመደርደሪያው ላይ አጋድመህ ትደረድራቸዋለህ፣ እጀታው መሳቢያውን እንደምትስብበት ይሆናል። መጀመሪያ በኦሞ በደንብ እጠበው፤ የቀረው ዘይት አቧራ ይዞ ሙጫ ይሆናል።

መብራት። ጠረጴዛው ላይ ማከፋፈያ ስታስር ገመዱ 2.5 ሚሊ ይሁን፣ ስትሠራም ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ። 2000 ዋት ግራይንደር በ220 ቮልት 9 አምፒር ይስባል፤ ገመዱ እንደተጠቀለለ ከሠራህበት ውስጡ ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የብየዳ ማሽኑን እዚህ ላይ አትሰካ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ደግሞ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀል። የግራይንደሩ ማብሪያ ተቆልፎ ከቀረ መብራቱ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ራሱን ይጀምራል።

ፍንጣሪ ያለው ሥራ መኪናው ሳይወጣ አይሞከርም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ሽታው አፍንጫህ ጋ ሳይደርስ እሳቱ ያገኘዋል።

እንጨት ቤት፦

ዝገትም አለ። ሰጋቱራ ውሃ ይይዛል፤ መላጊያና ሞርሳ ላይ ካደረ ጠዋት ቡናማ ነጥብ ታገኝበታለህ። ማታ ጥረግና ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፍበት። መላጊያውን በምላጩ አታቁመው፣ በጎኑ አስተኝተህ በተዘጋ ሳጥን አሳድረው።

የሆጤው፦

ተግባባን። ቅዳሜ ቱቦላሬውን አመጣለሁ። የብሎኑ ዳዶ ከእግሩ ውስጥ ሲበየድ ልክ መሃል ካልመጣስ?

ብየዳ ኮምቦልቻ፦

2 ወይም 3 ሚሊ ቢስት ግድ የለም። ዘንበል ካለ ግን ብሎኑ ሲወጣ እግሩን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከመበየድህ በፊት ብሎኑን እስከ ጫፉ አስገብተህ በስኳድራ እየው።