የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ የናይትሮጅን ሌዘር፣ ረቂቅ 2

አስተባባሪ፦
በከባቢ አየር ግፊት የሚሠራ፣ 337.1 ናኖሜትር የሚያመነጭ የናይትሮጅን ሌዘር ለመሥራት ተስማምተናል። ቻናሉ (በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ጋዙ የሚበራበት ቦታ) 30 ሳ.ሜ.፣ የኤሌክትሮዶቹ ክፍተት 3 ሚ.ሜ.፣ ሙሌቱ 12 ኪሎቮልት። ያልቆረጥነው ካፓሲተሩን (ኃይሉን አከማችቶ የሚለቀውን ክፍል) ነው፤ 10 ናኖፋራድ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

የሰርኪት ቡድን፦
10 ናኖፋራዱን እንቃወማለን። በዚህ ግፊት የላይኛው የሌዘር ደረጃ (ሞለኪውሉ ብርሃን ከመስጠቱ በፊት ያለበት የኃይል ደረጃ) ዕድሜ 2 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው፤ የታችኛው (ብርሃኑን ሰጥቶ የሚወርድበት) ግን ከዚያ በላይ ይቆያል። ታችኛው ሲሞላ ሌዘሩ ራሱን ይዘጋል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ኃይል ጋዙን ከማሞቅ አያልፍም። እዚህ ላይ ፍጥነት ከጉልበት ይቀድማል።

ብሉምላይን (እኩል ከተሞሉ ሁለት ጠፍጣፋ ካፓሲተሮች አንዱ በድንገት ሲፈስ ቮልቴጁ በቻናሉ ላይ የሚያርፍበት ሰርኪት) እንሥራ። 1.6 ሚ.ሜ. ውፍረት ባለው፣ ሁለት ገጹ መዳብ በሆነ የፋይበርግላስ ሰሌዳ ላይ፣ በላይኛው ገጽ 30×20 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት መዳቦች ብንተው እያንዳንዱ 1.5 ናኖፋራድ ገደማ ይይዛል። ቻናሉ ሁለቱን በተከታታይ ስለሚያገኛቸው 0.75 ይሆናሉ፤ የዙሩ ኢንዳክታንስ (የፍሰት ለውጥን የሚያዘገየው ባሕርይ) 5 ናኖሄንሪ ቢሆን ሩብ ዑደቱ (ፍሰቱ ጫፍ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ) 3 ናኖሰከንድ ነው። ኢንዳክታንሱ 20 ከደረሰ ሩብ ዑደቱ ወደ 6 ያድጋል፣ ያኔ ዋናው ጊዜ አመለጠን ማለት ነው። የስፓርክ ጋፑም (በብልጭታ የሚሠራው ማብሪያ) ዙር እንዲሁ አጭር መሆን አለበት፤ 1 ሳ.ሜ. ሽቦ ብቻ 10 ናኖሄንሪ ያህል ስለሚጨምር በሰፊ የመዳብ ቅጠል ሰሌዳው ላይ ይበየድ። በሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያ 2 ሳ.ሜ. መዳብ ይፋቅ፤ አለዚያ ብልጭታው በገጹ ላይ ይሻገራል።

የኤሌክትሮድ ቡድን፦
እንስማማለን። ረቂቁ ግን ስለ ትይዩነት ምንም አይልም። አንዱ ጫፍ 2.8 ሌላው 3 ሚ.ሜ. ከሆነ ፍሰቱ በጠበበው በኩል ይሰበሰባል። የምንፈልገው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ወጥ ሐምራዊ ብርሃን ነው፤ ደማቅ ነጭ ክሮች ከታዩ አርክ (በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ብልጭታ) ነው፣ ሌዘር አይወጣም። ክፍተቱ በስስ የመለኪያ ቅጠል ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለካ። ጠርዞቹ ክብ ሆነው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ። ሁለቱን መዳቦች ቻናሉን ተሻግሮ የሚያገናኝ የጥቂት ዙር ጥቅል ሽቦ እንዳይረሳ፤ ያለ እሱ ሁለተኛው መዳብ አይሞላም።

አንድ አባል፦
ለምን በቀጥታ ወደ ዜኖን ክሎራይድ ሌዘር፣ 308 ናኖሜትር አንሄድም?

የሰርኪት ቡድን፦
ወንድሜ፣ ሁለተኛ ምዕራፍ ይሁን። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ብረት ይበላል፤ ኤሌክትሮኖችንም ስለሚይዝ ከዋናው ፐልስ ጥቂት ቀደም ብሎ ጋዙን በአልትራቫዮሌት ወይም በኤክስሬይ አዮን ማድረግ ግድ ነው። የጋዝ ዝውውርም ይጠይቃል።

የመለኪያ ቡድን፦
የ500 ሜጋኸርትዝ ኦሲሎስኮፕ የራሱ መነሻ ጊዜ 0.7 ናኖሰከንድ ነው፤ ከ500 ሜጋኸርትዝ በታች ያለው አይበቃንም። ኦሲሎስኮፑ በብረት ሳጥን ይሸፈን፣ አለዚያ የምናየው የስፓርክ ጋፑን ጫጫታ ነው። መጀመሪያ ግን ነጭ የጽሕፈት ወረቀት 1 ሜትር ርቆ ይቀመጥ፦ ጠርዙ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነጥብ ታይቶ በፖሊካርቦኔት ሲጋረድ ከጠፋ ሌዘር ነው።

አስተባባሪ፦
ረቂቅ 3 ላይ ብሉምላይኑ፣ የትይዩነት ልኬቱና የወረቀቱ ሙከራ ይገባሉ። ደህንነትም ይጨመር፦ ፖሊካርቦኔት መነጽር፣ ኦዞኑን የሚያወጣ አየር ማስወጫ፣ ቮልቴጁን የሚችል 100 ሜጋኦም ማፍሰሻ ሬዚስተር፣ ከመንካት በፊት የምድር ዘንግ። የሰርኪት ቡድን የሰሌዳውን ሥዕል ይላክልን።