እህቴ አራስ ናት፤ ምስጢሯ ሳይወጣ እንዴት ልርዳት?

የሽምብጧ
ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ እህቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ እንዳለ ያወቀችው ነፍሰ ጡር ሆና ስትመረመር ነው። ወዲያው መድኃኒት ጀመረች። አሁን የሦስት ሳምንት አራስ ናት። ልጁ ወንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ይጠባል፣ ቫይረሱ እንዳይዘው የታዘዘለትን ሽሮፕም ይወስዳል። እዚያው ብትከታተል ይቀላት ነበር። ግን ሰው ያየኛል ብላ በጀልባ ባሕር ዳር ትመጣለች። የምታርፈው እኔ ቤት ነው።

የጨነቀኝ የአማቷ ነገር ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። ገንፎውንም አጥሚቱንም እየሠሩ የሚያርሷት እሳቸው ናቸው። ግን ልጁን ቅቤ ካላላስኩት፣ የአብሽ ውሃ ካላቀመስኩት እያሉ ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ብለዋታል። ምክንያቱን ብትናገር ምስጢሩ ይወጣል። ዝም ብትል ቅቤው ልጁ አፍ ይገባል። ባሏም ገና አልተመረመረም። ምን ትሉኛላችሁ?

እናት ለእናት
የኔ እህት፣ እኔም ከቫይረሱ ጋር የምኖር እናት ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር አዲስ የሚመጡ እናቶችን እደግፋለሁ።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚባለው እኮ ለእኛ ብቻ የወጣ ምክር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለእናት ሁሉ የምትለው ነው። ስለዚህ እህትሽ ሰበብ መፈለግ የለባትም። የኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ ሄዳ ለአማትየው ራሷ ትንገርልሽ። ከእኛ ብዙዎቹ ያለፉት በዚህ መንገድ ነው። ቅቤውን ግን በዋዛ አትዩት። የሕፃን አንጀት ስስ ነው፤ ሌላ ነገር ሲገባበት ይቆጣና ለቫይረሱ በር ሊከፍት ይችላል። አማትየው ቅቤውን ለአራሷ አናት ያድርጉት፣ እሱ ደግ ነው።

ልጁ 6 ሳምንት ሲሞላው ከተረከዙ ጥቂት ደም ወረቀት ላይ ተንጠብጥቦ ይመረመራል። ነጻ ነው ቢባልም እየጠባ ስለሆነ ክትትሉ አይቆምም። የመጨረሻው ምርመራ ከ18 ወር በኋላ፣ ጡት ከተወ ወዲያ ነው። እስከዚያ ልጁን ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው የእናቱ ክኒን ነው። አንድ ቀን እንዳታሳልፍ።

ባሏን ብቻዋን አትጋፈጠው። ይመታኛል ብላ የምትፈራ ከሆነ አስቀድማ ለነርሷ ትንገራት። አብረው የሚመከሩበትና የሚመረመሩበት መንገድ አለ።

የእድር ጸሐፊ
እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሳይጀምር፣ በሰፈራችን አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው ይተከል ነበር። እድሩ ግን የሚደርሰው ለሞተ ብቻ ነበር። ይህ ያንገበግበኝ ስለነበር ተነጋግረን ለአራስ ሁሉ ዱቄትና ዘይት መስጠት ጀመርን። ምክንያት አንጠይቅም፣ ስም አንለጥፍም። ቫይረሱ ላለባቸው ብለን ብንለይ ኖሮ አንዲትም አትመጣም ነበር። እርስዎም በእድርዎ እንዲህ ብለው ያንሱት። የእህትዎን ስም መጥራት አያስፈልግም።

ዲያቆን
ጸበል እንውሰዳት የሚል ከመጣ አትከልክሏት፤ ክኒኗን ግን አታቋርጥ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰዳል ብለው በአደባባይ አስተምረዋል።

የሽምብጧ
እግዜር ይስጣችሁ። የኤክስቴንሽኗን ነገ እደውልላታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ክርስትናው ላይ ቤቱ በሰው ይሞላል። ሽሮፑን ሰው ቢያይስ?

እናት ለእናት
ለሕፃን ሽሮፕ ማዘዝ የተለመደ ነው፤ "ሐኪም ያዘዘው ነው" ካለች ይበቃል። ብልቃጡን ግን ከነመስፈሪያው ራሷ ትያዘው፣ ሌላ ሰው አይስጥላት። ደግሞ ቀኑን ቁጠሪው፦ ክርስትናው በ40 ቀን ነው፣ የደም ምርመራው 42 ላይ ይውላል። ድግሱ አዘናግቷችሁ እንዳይቀር ክርስትናው እንዳለፈ ይዘሻት ነይ።