የፓናል ሐሳባችን፦ የስብዕና ፈተና በማረሚያ ቤት

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ረቂቁ «የስብዕና ፈተና ለሕግ ታራሚዎች ይሠራል ወይ?» ይላል። ይሄ መልስ የለውም። ለምኑ? ለአመክሮ? ለሕክምና? ወይስ ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ምርመራ ሲያዝ? እስኪ እናጥብበው።

ማረሚያ ቤት የሚሠራው አባል፦
እኔ ኤምኤምፒአይ-2 የሚባለውን የስብዕና መጠይቅ ልውሰድ። 567 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይባላል። ሰው ይከታተለኛል ዓይነት ነገርም ይጠየቃል። ውጭ ያለ ሰው «እውነት» ካለ እንጠረጥራለን። ታራሚው ግን ቀና ሲል ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል! ምን ይበል ታዲያ?

በውስጡ ያለው ኤፍ የሚባለው መለኪያ ብዙ ሰው የማይመርጣቸውን መልሶች ይቆጥራል። ከፍ ካለ ሰውየው አልገባው ይሆናል፣ የምር ታሞ ይሆናል፣ ወይም እያስመሰለ ይሆናል። ሪፖርት ላይ ግን ቶሎ የሚጻፈው ሦስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤፍፒ የሚባል ሌላ መለኪያ የአእምሮ ሕሙማን እንኳ እምብዛም የማይመርጧቸውን መልሶች ስለሚቆጥር እዚህ ላይ ያግዛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያዩ «አስመሳይ» ብሎ መፈረም ግፍ ነው።

መምህርቷ፦
ከማን ጋር እያነጻጸርን እንደሆነም ይግባ። የኤምኤምፒአይ-2 መነሻ ናሙና፣ ማለትም ውጤቱ የሚነጻጸርባቸው ሰዎች፣ 2,600 አሜሪካውያን ናቸው። ሀዋሳ የታሰረ ገበሬ ከእነሱ ጋር ተመዝኖ «ያፈነገጠ» ቢባል ምን ይገርማል? ማንበብ ለማይችል ደግሞ ይነበብለታል። አንባቢው የማረሚያ ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ማን የልቡን ይናገራል?

አንጋፋው አባላችን፦
ልጆች፣ ሳይኮፓቲን (ርኅራኄና ጸጸት የማጣት ጠባይን) የሚመዝነውን ፒሲኤል-አርን አትርሱት። እሱ ታራሚው የሚሞላው መጠይቅ አይደለም። ባለሙያው በቃለ መጠይቅና በመዝገብ 20 ነጥቦችን እየመዘነ ከ40 ይሰጣል። «ሳይኮፓት» የሚያሰኘው መቁረጫ ነጥብ ሰሜን አሜሪካ በተለምዶ 30 ነው፤ አውሮፓ ብዙ ጊዜ 25። ያው ሰው አትላንቲክን ሲሻገር ስሙ ይቀየራል ማለት ነው! ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ነበር። ከ100 በላይ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት መዝገቦች ተሰጥተዋቸው በዚሁ መለኪያ መዘኑ። ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሠሩ የተነገራቸው ከፍ ያለ፣ ለተከላካይ የተባሉት ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡ። ስለዚህ ታራሚው ይዋሻል ብቻ አትበሉ፤ እኛንም ፈትሹን።

ማረሚያ ቤት የሚሠራው አባል፦
እንዴት ያለ ነገር አነሱ፣ ጋሼ! ሁለተኛው ክፍል እሱ ይሁን። እርስዎ ቢያቀርቡልንስ?

አንጋፋው አባላችን፦
እሺ። ስላይድ የሚሠራልኝ ካለ።

አስተባባሪዋ፦
ስላይዱን እኔ እሠራለሁ። ርዕሱን «አመክሮ ላይ የስብዕና ፈተና ውጤት ምን ያህል ይመዝን?» ብዬዋለሁ። ሕጉ በመርህ ደረጃ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለጨረሰ አመክሮ ይፈቅዳል፤ የጠባይ ጉዳይም እዚያው ይነሳል። ሕክምናው ለሌላ ዓመት ይቆየን። መምህርቷ ስለ ናሙናውና ስለ ንባቡ ግማሽ ገጽ ጻፊልን። አንተ ደግሞ የኤፍና የኤፍፒን ምሳሌ፣ የታራሚ መለያ ሳይኖርበት። እስከ ሐሙስ ማታ ካልደረሰኝ ያለውን ይዤ አስገባለሁ።